አራት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ

ፊቷን ሳላይ ድምፅዋን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰድቤዋለሁ። ማለዘብ አያስፈልግም፣ ስድብ ነው። የጥርስ ክሊኒክ ውሃ ከጠፋበት ሥራ የለውም፤ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ወደ ውሃ መሥሪያ ቤት ደውላ የምትጮኸው ሲስተር እኔ ነኝ። ከወዲያ በኩል አንድ ለስላሳ ድምፅ ያነሳል። አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ካወረድኩበት በኋላ፣ "ገብቶኛል፤ ይጠብቁኝ፣ ከክፍሉ ጋር አገናኝዎታለሁ" ይለኛል። ክፍሉ አያነሳም። ድምፁ ተመልሶ "አላነሱም፤ ትንሽ ይጠብቁኝ" ይላል። እኔም "ትንሽ ማለት ስንት ነው? እስከ ዕለተ ምጽአት?" እላለሁ። አንድ ቀን እንኳን ቃል መልሳ አታውቅም። ይሄ ራሱ ያበግነኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ከጫማ መሸጫው በላይ ወዳለው ክሊኒካችን አንዲት ረዘም ያለች ቀጭን ሴት ደረጃውን ቀስ ብላ ወጥታ መጣች። ዕድሜዋ አርባ ስድስት፣ ሸሚዟ እስከ መጨረሻው ቁልፍ የተቆለፈ፣ አንገቷ ላይ ሻርፕ የጠመጠመች። እጇን አፏ ላይ ጋርዳ "የጥርስ ሽቦ ለማሠር ነበር" ስትል ድምፁን አወቅሁት። ወይ ጉዴ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷም የእኔን ድምፅ አወቀችው። "ምነው ሲስተር፣ ውሃው እስካሁን አልመጣም እንዴ?" አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። እጇን ግን ከአፏ ላይ አላነሳችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሊኒክ ውስጥ ስልከኛዋ እያልን ነበር የምንጠራት። አሁን ስለ እሷ የምነግራችሁን አብዛኛውን ነገር ያኔ አላውቅም ነበር። ያወቅሁት በኋላ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ አውቄው ቢሆን ኖሮ የምነግራችሁም ነገር ባልኖረ።

ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ታመመች። ከዚያ ጉልበቷ አበጠ፣ ቁርጭምጭሚቷ አበጠ፣ በመጨረሻ በሽታው መገጣጠሚያዋን ለቆ ልቧ ላይ ሰፈረ። እያደገች ስትሄድ ደረጃ መውጣት አቃታት። በሃያ ሁለት ዓመቷ ደረቷን ከፍተው፣ አልዘጋ ያለውን የልቧን በር ዙሪያውን ቀለበት አስገብተው ጠገኑላት። ዳነች። ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ ጥርስ ከመነቀልሽ በፊት ይህን ነገር ተናገሪ፣ መድኃኒት ትወስጃለሽ ብሎ ትንሽ ወረቀት ሰጣት። ወረቀቱን እናቷ ተቀበለችና ሻንጣ ሥር አስቀመጠችው። ልቧ የተሰፋች ሴት ማን ያገባል ብላ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ነገር በእኔና በአንቺ መሐል ይቅር አለቻት። ስልከኛዋም እሺ አለች። ጠባሳው ከአንገቷ ሥር ስለሚጀምር፣ ከዚያ ወዲህ ሙቀትም ይሁን ብርድ ሻርፑ አልተፈታም።

በሕይወቷ አንድ ወንድ ብቻ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ በስልክ ድምፅዋን ወዶ ዓመት ያህል ሲያወሩ ከርመው አንድ እሑድ ተቀጣጠሩ። ፊት ለፊቱ ተቀምጣ በአንድ እጇ አፏን በሌላው አንገቷን ይዛ ዋለች። ጥርሶቿ ከልጅነቷ ጀምሮ የተደራረቡ ነበሩ፤ ያሳፍሯታል። ሰውዬው የጠላችው መሰለው፤ ዳግም አልደወለም። እሷም ልትደውልለት ቁጥሩን ታውቃለች፣ የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር ሁሉ በቃሏ የምታውቅ ሴት ናት። አልደወለችም።

እናቷ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗል። የምትኖረው በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት ስትወጣ ሬዲዮኑን ሳታጠፋ ትወጣለች፤ ስትመለስ ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲቀበላት። በቀን ሦስት መቶ ሰው ታናግራለች፣ ከሦስት መቶው አንድ ሰው እንኳን አንቺስ እንዴት ነሽ ብሎ አይጠይቃትም። እኔም አልጠየቅኋትም። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ እኔም ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ ከሥራ ስመለስ ለድመቴ ነው ሰላምታ የምሰጠው። ውሃ በጠፋ ቀን ከእሷ ጋር የምጨቃጨቀው የዚያን ቀን ረጅሙ ወሬዬ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ለምን በአርባ ስድስት ዓመቷ ሽቦ አማራት ትሉ ይሆናል። የስልክ ማዞሪያ ክፍሉ ሊዘጋ ነው፤ በእሷ ቦታ ማሽን ሊያነሳ ነው። እሷ ደግሞ ታች ወርዳ፣ መግቢያው ላይ ከመስኮቱ ኋላ ተቀምጣ እንግዳ እንድትቀበል ተመደበች። አለቃዋ እዚያ ቦታ ፈገግታ ያስፈልጋል አሏት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከስልክ ኋላ ተቀምጣ ፊቷን ማንም ያላየው ሴት ናት። ቤቷ ገብታ መስታወት ፊት ቆማ ፈገግ ብላ አየችና ወደ እኛ መጣች።

እንግዲህ ጥፋቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ሽቦ ማሠር በራሱ ሰው አይገድልም፣ ስንት ሰው አሥሮ ተውቦ ይሄዳል። ግን የኋላ መንጋጋ ላይ የሚጠልቀው የብረት ቀለበት ከድድ ሥር ሲገፋ ድድ ይቆስላል፣ ይደማል። በቁስሉ በኩል የአፍ ጀርም ደም ውስጥ ይገባል። ጤነኛ ሰው ላይ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል፤ ባለቤቱም አያውቀው። ልቡ የተጠገነ ሰው ላይ ግን ጀርሙ ሄዶ ጥገናው ላይ ሊቀመጥ፣ እዚያ ሊራባ ይችላል። መከላከያው ቀለበቱ ከመግባቱ አንድ ሰዓት በፊት የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ዶክተራችን ይሄን አሳምሮ ያውቃል። ማወቅ ያለበት ሰውየው ልቡ የተጠገነ መሆኑን ብቻ ነው፤ እሱን ጠይቆ ካርድ ላይ ማስፈር ደግሞ የእኔ ሥራ ነው።

እኔ ደግሞ ፈጣን ነኝ። እሳት የላስኩ ነኝ፣ ዶክተሩም በዚህ ያመሰግነኛል። ዘጠኝ ወንበር ባለው መጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም ሰው እየሰማ፣ ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ እጠይቃለሁ፤ "ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ ልብ፣ ምንም የለም አይደል?" አራቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የምላቸው። ከዚያ ከላይ እስከ ታች በአራቱ ሳጥኖች ላይ "የለም" በሚለው በኩል አንድ መስመር እሰርዛለሁ። ባንድ ደቂቃ ውስጥ ካርዱ ያልቃል። እንዲህ ስሠራ ዘመናት አልፈዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውን ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

ስልከኛዋ ስጠይቃት የተቀመጡትን ሰዎች ዞር ብላ አየች። እጇ ወደ ሻርፑ ሄደ። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። እሱ መልስ አይደለም፣ ሰላምታ ነው፤ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶም ይለዋል። ይህን ማንም ያውቃል። ግን እሷ አፏን ሳትከፍት በፊት መስመሩን ሰርዤ ጨርሻለሁ። የቅርብ ተጠሪ የሚለውንም ሳጥን ባዶውን ተውኩት፣ ሰው እየጠበቀ ነበር።

ቀለበቱ የገባ ቀን ሻርፑን ፍቺው ብያት ነበር። ብርድ ይነካኛል አለችኝ፣ በዚያ ሙቀት። እያጉረመረምኩ ደረት ላይ የሚታሠረውን ወረቀት ከላይ አሠርኩላት። ዶክተሩ ሦስት ቀለበት ለካ፣ ሁለቱ ጠበቡ፣ ሦስተኛውን ነክሳ እንድታስገባው አደረገ። ደማች። እኔ ምራቅ መምጠጫውን ይዤ ደሙን እስብ ነበር፤ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። ሲያልቅ መስታወት ሰጠኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ከአፏ አንስታ ሳቀች፣ ሽቦውን ሁሉ እያሳየች። ያን ቀን እኔም ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት።

ከአራት ሳምንት በኋላ ለማጥበቅ ስትመጣ ከስታለች። ማታ ማታ እንደሚያንቀጠቅጣት፣ ጠዋት በላብ ርሳ እንደምትነሳ ነገረችኝ። ሽቦ ያሠረ ሰው ማኘክ ስለሚከብደው ይከሳል፤ ሁሌ የማየው ነው። እኔም በሰው ፊት፣ ሰው ለመክሳት ስንት ሲሮጥ አንቺ ተቀምጠሽ አገኘሽው፣ እንቅጥቅጡ ደግሞ ጉንፋን ነው አልኳት። መጠበቂያ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። ጥርስ ባዳ ነው ይሉ የለ።

በስምንተኛው ሳምንት ደረጃውን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቁጭ አለች። ወንበሩ ላይ ሆና የወንበሩን እጀታ ስትጨብጥ ጥፍሮቿ ሥር ቀጫጭን ጥቁር ቀይ መስመር አየሁ፣ ስንጥር የገባበት ይመስላል። ስልክ የምታገናኝ ሴት እንጨት አትፈልጥም። አይቼዋለሁ። አይቼው የመምጠጫውን ቱቦ ላጥብ ሄድኩ። ዛሬ ድረስ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ የእነዚያ ጥፍሮች ነገር ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ቀረች። ተናደድኩ፤ ቀጠሮ የሚያጠፋ ሰው አልወድም። ሞባይሏ ይጠራል፣ አይነሳም። ወደ ውሃ መሥሪያ ቤቱ ደወልኩ። "ለቅሬታ አንድን ይጫኑ" አለኝ ማሽን። አንድን ተጫንኩ፣ ሁለትን ተጫንኩ፣ ዘጠኝ ድረስ ተጫንኩ። የሚሰደብ ሰው የለም። ካርዷን አወጣሁ፣ የቅርብ ተጠሪ ባዶ ነው። ያኔ ነው ንዴቴ ጥሎኝ የሄደው። በምሳ ሰዓት ነጭ ጋውኔን ሳላወልቅ በካርዱ አድራሻ ቤቷን ፍለጋ ወጣሁ።

አከራይዋ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። ስልከኛዋ ከታየች አራት ቀን እንደሆናት፣ ግን ሬዲዮኗ ስለሚሰማ ደህና ናት ብላ እንደተወቻት ነገረችኝ። በሩ አልተቆለፈም። አልጋዋ ላይ ናት፣ ትቃጠላለች፣ ሻርፑ አንገቷ ላይ ነው። ሳልጠይቃት ፈታሁት፣ የሸሚዟንም ቁልፍ ፈታሁ። ከአንገቷ ሥር ጀምሮ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጠባሳ። 

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በሥራዬ ላይ ተቀምጬ ሰው የጠየቅሁበትን ቀን አላስታውስም። ይሄ ምንድን ነው አልኳትና ዝም አልኩ።  ሬዲዮኑ ስለ አየር ጠባይ ያወራል። ከዚያ መናገር ጀመረች፤ ጉሮሮውን፣ ጉልበቷን፣ ቀለበቱን፣ የእናቷን ነገር፣ ወረቀቱን። ሽቦ ደግሞ ጥርስ መነቀል አይደለም ብዬ ነው አለች። ከእናቷ ቀጥሎ የሰማሁት ሰው እኔ ነኝ፣ ከሃያ አራት ዓመት በኋላ።

"ስለ ልብሽም ጠይቄሽ ነበር እኮ" አልኳት። ራሴን ለማዳን ነው፤ አፍሬ ነው የምነግራችሁ።

እስከዚያ ቀን እርስዎ ስትለኝ የኖረችው ሴት፣ "ጠይቀሽኛል" አለችኝ፤ "መልሱንም አብረሽ ነግረሽኛል።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን እናድጋለን። ልክ ነው። በሽታውን እንዲደብቅ አድርጎ የሚጠይቀውን ሰው ግን የሚተርትበት የለም።

በታክሲ ሆስፒታል ወሰድኳት። ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ናት። እንዴት ነሽ ስትላት ስልከኛዋ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ትኩሳት ይዛ፣ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። እኔ ነኝ ደህና አይደለችም ያልኩት። ጠባሳውን አሳየሁ፣ ስለ ቀለበቱ፣ ስለ ጥርሷ፣ ስለ ካርዱ፣ ስለ መስመሩም ሳልደብቅ ተናገርኩ። ሐኪሟ ሦስት ጊዜ ደም ወሰደች፣ ልቧን በማሽን አየች። ደሟ ውስጥ የአፍ ጀርም ተገኘ፤ ልቧ ውስጥ ያለው ቀለበት ላይ ሰፍሮ ተራብቷል። የጥፍሮቿ መስመርም የዚሁ ምልክት ነበር። ምኗ ነሽ ብላ ስትጠይቀኝ እኅቷ ነኝ አልኳት።

ዶክተራችን፣ ሐቁን ለመናገር፣ በማግስቱ ራሱ መጥቶ ሽቦውን አልጋዋ ላይ አወጣላት። ሐኪሟ ጀርሙ በዚያች ቀን ቁስል መግባቱን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፣ የሚደማ ድድ ሲቦረሽም ሊገባ ይችላል አለች። እሱ ይህን ሲሰማ እፎይ አለ። እኔ አላልኩም። መድኃኒቱን ልንሰጣት ይገባን ነበር፣ አልሰጠናትም፤ ያልሰጠናት እኔ ስላልጠየቅሁ ነው።

በደም ሥሯ የሚሰጠው መድኃኒት ስድስት ሳምንት ይቆያል ተባለ። ትኩሳቷ በአምስተኛው ቀን በረድ አለ። በጥየቃ ሰዓት የሌሎቹ አልጋዎች ዙሪያ ሰው ይሞላል፣ የእሷ ጋ እኔ ብቻ ነኝ። ከመሥሪያ ቤቷ አንድ ሰው ደውሎ መቼ እንደምትመለስ ጠየቀ፣ መግቢያው ጋ ሰው አስፈልጎት። በስምንተኛው ቀን ፀጉሯን ሳበጥርላት፣ "ሲስተር፣ በሕይወቴ ሁለት ቦታ ቀለበት ገብቶልኛል" አለችኝ፤ "አንዱ ልቤ ላይ፣ አንዱ መንጋጋዬ ላይ። የቀረው ጣቴ ነው።" እስክናለቅስ ሳቅን። አፏን አልሸፈነችም፣ የተደራረቡት ጥርሶቿ ሁሉ ታዩ። ቆንጆ ናት። ያን ሳልነግራት ቀረሁ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ከልቧ ቀለበት ላይ አንዲት የጀርም ቅንጣት ተገንጥላ በደሟ ወደ ጭንቅላቷ ሄደች። ቀኝ እጇና እግሯ ሰለለ፣ አንደበቷ ተዘጋ። ሐኪሟ መጀመሪያ ትሞታለች ብላ ነበር። አልሞተችም። ስድስቱን ሳምንት ጨርሳ፣ ጀርሙ ከደሟ ጠፍቶ፣ እግሯን እየጎተተች በእኔ ክንድ ተደግፋ ወጣች።

አሁን ክሊኒክ ውስጥ ካርድ የምሞላው የሕክምና ዕቃ በምንቀቅልበት ጓዳ ነው። በሩን እዘጋለሁ፣ ሰውየውን አስቀምጣለሁ፣ እኔም እቀመጣለሁ። አንድ ጠይቄ ዝም እላለሁ። ሁለተኛውን የምጠይቀው እሱ ሲጨርስ ነው። ውጭ ያለው ሰው ያጉረመርማል፤ ዶክተሩም ፈጠን በይ እንጂ፣ ምን ሆነሽ ነው ይለኛል። ይበል።

እሑድ እሑድ ስልከኛዋ ቤት እሄዳለሁ። ሻርፑን ማድረግ ትታለች። እንዴት ሰነበትሽ ስላት በዚያው በለስላሳው ድምፅ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ትለኛለች። ከቃል ሁሉ የቀረላት እሱ ብቻ ነው። ሐኪሟ እንዲህ ያለው ልማድ የሆነ ንግግር ሌላው ሲጠፋ ይቀራል ብላኛለች። ሲርባትም እሱን ነው የምትለው፣ ስትናደድም፣ የእናቷን ፎቶ እያየች ስታለቅስም። ያለፈው እሑድ ስገባ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ እንባዋ ይወርዳል፣ እሱኑ ደጋግማ ትላለች። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና ደህናውን እጇን ያዝኩ። ራስሽን ነው የሚያምሽ አልኳትና ጠበቅሁ። አንገቷን ወዘወዘች፤ አይደለም። እግርሽን ነው አልኳት። አይደለም። ልብሽን ነው አልኳት። አይደለም። አራተኛው ጥያቄ እስኪመጣልኝ ብዙ ቆየሁ።

"ብቻሽን መሆኑ ነው የሚያምሽ?"

እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

"እኔንም" አልኳትና ተነስቼ ሬዲዮኑን አጠፋሁት።